ሳናስተውል የሚመሩን ምልክቶች፦ እርዳታን እንዴት እንጠይቅ፣ እንዴትስ እናስተባብር

አንድ ሰው ሌላውን ሲረዳ ምክንያቱን ከልቡ ደግነት፣ ሳይረዳ ሲቀር ደግሞ ከልቡ ጭካኔ መፈለግ ይቀለናል። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን በአሜሪካው የፕሪንስተን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ያደረጉት ጥናት ይህን ልማዳችንን በብርቱ ይፈትነዋል። አርባ ተማሪዎች አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ተነግሯቸው ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላው ተላኩ፤ የግማሾቹ ርእስ የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነበር። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ደጃፍ ላይ አቀርቅሮ እያሳለና እያቃሰተ ተቀምጧል። ገና ጊዜ እንዳላቸው ከተነገራቸው ተማሪዎች መካከል 63 በመቶ፣ ሰዓቱ እንደደረሰ ከተነገራቸው 45 በመቶ፣ ዘግይታችኋልና ፍጠኑ ከተባሉት ደግሞ 10 በመቶ ብቻ ቆም ብለው ረዱት። ስለ ደጉ ሳምራዊ ለመናገር መዘጋጀት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላመጣም። ልዩነቱን ያመጣው ከመነሳታቸው በፊት የተነገራቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ይህ መመሪያ እርዳታ ለመጠየቅ ለሚገደዱ፣ በጎ ፈቃደኞችን ለሚያስተባብሩ፣ ገንዘብ ለሚያሰባስቡ፣ እንዲሁም ራሳቸው ተገቢ በሆነው ጊዜ እጃቸውን መዘርጋት ለሚፈልጉ ሰዎች የተጻፈ ነው። የምነሣበት እምነት አንድ ነው፤ ሰዎችን ሳያውቁት የሚመሩ ምልክቶች በአብዛኛው የሚሠሩት በማገድ ነው፤ ጥድፊያ፣ ጫጫታ፣ የሌሎች ሰዎች ዝምታና የጥያቄ ድብስብስነት ለመርዳት ፈቃደኛ የሆነውን ሰው ሳይቀር ባለበት ያቆሙታል። ስለዚህ ይህን እውቀት የሚጠቀም ሰው ሥራው በሰው አእምሮ ውስጥ ሌላ ስውር ምልክት መትከል ሳይሆን፣ የተጋረደውን ነገር በግልጽ ቃል መግለጥ ሊሆን ይገባል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እርዳታው የት ላይ እንደሚቋረጥ መለየት

ቢብ ላታኔና ጆን ዳርሊ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባካሄዷቸው ጥናቶች መሠረት፣ እርዳታ በአንድ ቅጽበት የሚወሰን ነገር ሳይሆን አምስት ደረጃዎችን አልፎ የሚደረስበት ነው። ሰውየው በመጀመሪያ ነገሩን ልብ ማለት አለበት፤ ቀጥሎ ልብ ያለው ነገር እርዳታ የሚሻ ችግር መሆኑን መረዳት፣ ከዚያ ኃላፊነቱ የራሱ እንደሆነ መቀበል፣ ምን ማድረግ እንደሚችል ማወቅ፣ በመጨረሻም ያሰበውን መፈጸም ይጠበቅበታል። ከአምስቱ በአንዱ ላይ የተሰናከለ ሰው አይረዳም፤ ከሩቅ ለሚያየው ግን አምስቱም መሰናክሎች አንድ ዓይነት ግድየለሽነት ይመስላሉ። ሰዎች ለጥሪዎ መልስ ካልሰጡ «ለምን ልባቸው ደነደነ?» ብሎ ከማዘን አስቀድሞ «የቀሩት የትኛው ደረጃ ላይ ነው?» ብሎ መመርመር ይበጃል። መፍትሔው እንደ መሰናክሉ ይለያያልና፤ ችግሩን ላላየ ሰው ስለ ኃላፊነት መስበክ ድካም ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ደረጃ የሚዘጉት ጥድፊያና ጫጫታ ናቸው። በ1975 የታተመ የኬኔት ማቲውስና የላንስ ካነን ጥናት ይህን በሚገባ ያሳያል። አንድ ሰው መጻሕፍት ተሸክሞ ሳለ ይወድቁበታል፤ አንዳንድ ጊዜ ክንዱ በጄሶ ታስሯል፣ አንዳንድ ጊዜ አልታሰረም። አካባቢው ጸጥ ባለበት ጊዜ ጄሶ ያሰረውን ሰው ከአላፊ አግዳሚው 80 በመቶ ረዳው፤ ድምፁ የሚያደነቁር የሣር ማጨጃ በአጠገቡ ሲሠራ ግን የረዱት 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጫጫታ ሰውን ጨካኝ አያደርገውም፤ ትኩረቱን ያጠብበታል፣ ጄሶውም ከዓይኑ ይሰወራል። ስለዚህ የሚጠይቁበትን ሰዓትና ቦታ እንደ ጥያቄው ቃል ሁሉ አስበው ይምረጡ። ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ፣ ስብሰባ ሊጀመር ሲል፣ ሰው በሚተራመስበት መተላለፊያ ላይ ወይም ሰውየው በስልክ እያወራ ሳለ የቀረበ ጥያቄ፣ ምንም ያህል ተገቢ ቢሆን፣ ከመደመጡ በፊት ይወድቃል። ጊዜውን መምረጥ ካልተቻለ ደግሞ ጉዳዩ ምን ያህል ደቂቃ እንደሚወስድ አስቀድመው ይናገሩ፤ የቸኮለ ሰው የሚፈራው መጨረሻው የማይታወቅ ጥያቄን ነውና።

ሁለተኛው ደረጃ፣ ማለትም ችግሩን እንደ ችግር መረዳት፣ ከሁሉ ይልቅ የሚታለፍ ይመስለኛል። በ1968 ላታኔና ዳርሊ ሰዎችን በአንድ ክፍል አስቀምጠው መጠይቅ ሲያስሞሉ በግድግዳው ቀዳዳ ጢስ እንዲገባ አደረጉ። ብቻቸውን ከነበሩት መካከል 75 በመቶ ወጥተው ተናገሩ። ከአጥኚዎቹ ጋር ተስማምተው ጢሱን እንዳላዩ ከሚመስሉ ሁለት ሰዎች ጋር የተቀመጡት ግን 10 በመቶ ብቻ ተናገሩ፤ የቀሩት ጢሱን በእጃቸው እያባረሩ፣ እያሳሉና ዓይናቸውን እያሹ መጠይቁን መሙላት ቀጠሉ። እያንዳንዱ ሰው ነገሩ አሳሳቢ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የሌላውን ፊት ያነባል፤ የራሱን ፊት ግን እንዳይደነግጥ አድርጎ ያረጋጋል። የተረጋጉ ፊቶች እርስ በርሳቸው ይመሰካከሩና «ምንም የለም» የሚል የጋራ የሐሰት ድምዳሜ ላይ ያደርሳሉ።

ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ትምህርት ቀላል ነው፤ ለብዙ ሰው ግን ይከብዳል። እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ችግሩን በስሙ መጥራት አለበት። «ደረቴን እያመመኝ ነው፣ መተንፈስ አቅቶኛል» የሚል ሰው ለትርጓሜ ቦታ አይተውም፤ ፈገግ ብሎ «ትንሽ አልተመቸኝም» የሚል ሰው ግን በዙሪያው ላሉት ሁሉ የመተው ፈቃድ ይሰጣቸዋል። ለሥራ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ሥራ የበዛበት ባልደረባ «ሥራ ትንሽ በዝቶብኛል» ብሎ ሲናገር ሰሚው የዘወትር ወሬ ይመስለዋል፤ «ይህ ሪፖርት ነገ ጠዋት መድረስ አለበት፣ ሦስተኛውን ክፍል ብቻዬን ልጨርሰው አልችልም» ሲል ግን ችግሩ ቅርጽ ይይዛል። ችግርን ማቅለል ጨዋነት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ሊረዳ የተዘጋጀውን ሰው ማሳሳት ነው።

ብዙ ሰው ባለበት ቦታ መጠየቅ

ሦስተኛው ደረጃ ኃላፊነት ነው። በዚያው በ1968 ዳርሊና ላታኔ ባሳተሙት ሌላ ጥናት ተማሪዎች ለየብቻ በተለያዩ ክፍሎች ተቀምጠው በድምፅ ማስተላለፊያ ሲወያዩ፣ አንደኛው ተሳታፊ የሚጥል በሽታ እንደያዘው የሚያሰማ ድምፅ ይመጣል፤ ድምፁ አስቀድሞ የተቀዳ ነበር። ድምፁን የሚሰማ ከራሳቸው በቀር ማንም እንደሌለ ካመኑት መካከል የታማሚው ድምፅ ሳይቋረጥ ለእርዳታ የተነሱት 85 በመቶ ነበሩ። አንድ ሌላ ሰው እየሰማ ነው ብለው ባሰቡ ጊዜ ቁጥሩ ወደ 62፣ አራት ሌሎች እየሰሙ ነው ብለው ባሰቡ ጊዜ ወደ 31 በመቶ ወረደ። እዚህ ላይ አንባቢው እንዲያስተውል የምፈልገው ከመቶኛው ይልቅ ያልተነሱትን ሰዎች ሁኔታ ነው። አጥኚዎቹ ወደ ክፍላቸው ሲገቡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ መዳፋቸው ያልበው ነበር፤ ብዙዎቹም «ልጁ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁ። ግድ ያልሰጣቸው ሰዎች አልነበሩም፤ ነገሩ የማን እንደሆነ መወሰን ያቃታቸው ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ እርዳታ ሲያስፈልግ «እባካችሁ አንድ ሰው ይርዳኝ» ብሎ ለሁሉም መጮህ በቂ አይደለም። አንድ ሰው ይምረጡ፤ ዓይን ለዓይን ይዩት፤ በሚለይ ምልክት ይጥሩት፤ የሚያደርገውን አንድ ነገር ይንገሩት። «ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሱት ወንድሜ፣ አምቡላንስ ይጥሩልኝና ሲመልሱልዎ መጥተው ይንገሩኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከአምስቱ ደረጃዎች አራቱን በአንድ ጊዜ ያሻግራል፤ ሰውየው ልብ ይላል፣ አደጋ መሆኑን ያውቃል፣ ኃላፊነቱ የእሱ ይሆናል፣ የሚሠራውንም ያውቃል። «መጥተው ይንገሩኝ» የሚለው ጭማሪ ቀላል እንዳይመስልዎ፤ ጥሪው መደረጉን የሚያረጋግጠው እሱ ነው። የመጀመሪያ እርዳታ አሠልጣኞች ይህን ለሠልጣኞቻቸው የሚያስተምሩት በዚሁ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ሰው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ሌሎችን ማሰማራት ይቀላል፤ አሁን የሚያነቡት ፊት የሚረዳ ሰው ፊት ነውና።

ይኸው ደንብ ለጽሑፍም ይሠራል። ሃምሳ አባላት ላሉት የስልክ መልእክት ቡድን «ቅዳሜ የሚያግዘን እንፈልጋለን» ብሎ መላክ፣ ኃላፊነቱን ለሃምሳ ከፍሎ ለማንም ሳይሰጥ መቅረት ነው። አስተባባሪው ሥራውን አስቀድሞ ቆርሶ ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ ቢጽፍ፣ ይልቁንም ቢደውል ወይም በአካል ቢጠይቅ፣ ጊዜ ቢወስድበትም ሰው ያገኛል። በ2017 የታተመ የማህዲ ሮጋኒዛድና የቫኔሳ ቦንስ ጥናት፣ በአካል የቀረበ ጥያቄ በኢሜይል ከተላከው ተመሳሳይ ጥያቄ 34 እጥፍ ውጤታማ ሆኖ አግኝቶታል። ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ጠያቂዎቹ አስቀድመው ሲገምቱ በሁለቱ መንገዶች መካከል ያን ያህል ልዩነት አለመጠበቃቸው ነው።

በዚህ ርእስ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ታሪክ አለ፤ መስተካከልም ይገባዋል። መጋቢት 1964 በኒውዮርክ ኪቲ ጄኖቬዜ የተባለች ወጣት ስትገደል 38 ምስክሮች እያዩ ዝም እንዳሉ በጋዜጣ ተጻፈ፤ የዳርሊና የላታኔ ጥናቶችም የተነሱት በዚህ ዜና ምክንያት ነበር። ቆይቶ በተደረገ ምርመራ ቁጥሩም ዝምታውም እንደተጻፈው እንዳልነበረ ተረጋግጧል፤ አንዲት ጎረቤት ወርዳ አምቡላንስ እስኪደርስ አቅፋት ነበር። በ2020 የታተመና በእንግሊዝ፣ በኔዘርላንድና በደቡብ አፍሪካ ከተሞች የደኅንነት ካሜራዎች የቀረጿቸውን 219 የአደባባይ ግጭቶች የመረመረ ጥናት ደግሞ፣ በ91 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ተመልካች ገብቶ ለማገላገል ወይም ለመርዳት እንደሞከረ፣ የተመልካቹ ቁጥር ሲበዛም አንድ ሰው የመግባቱ ዕድል እንደሚጨምር አሳይቷል። ሁለቱ ግኝቶች አይጋጩም። ጠብ ለሁሉም በግልጽ የሚታይ ነገር ነው፤ ጢስና ከሌላ ክፍል የሚሰማ ድምፅ ግን አሻሚ ናቸው። ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ ሰው ሁሉ ይጨክናል ብሎ መደምደም ስሕተት ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው፤ ሌላው አይረዳም ብሎ ያመነ ሰው ራሱም አይጠይቅምና።

በዕለት ተዕለት ጉዳይ መጠየቅ

አብዛኛው እርዳታ አደጋ የሌለበት፣ ጸጥ ያለ ጉዳይ ነው፤ ሸክም ማገዝ፣ መንገድ ማሳየት፣ አንድ ሰዓት መስጠት። በዚህ ጊዜ ትልቁ እንቅፋት ያለው በጠያቂው ዘንድ ነው። በ2008 ፍራንሲስ ፍሊንና ቫኔሳ ቦንስ (በወቅቱ ስሟ ቫኔሳ ሌክ) ባሳተሙት ጥናት፣ አምስት ሰዎች መጠይቅ እንዲሞሉላቸው የተላኩ ተማሪዎች ሃያ ያህል ሰው መጠየቅ እንደሚኖርባቸው ገምተው ነበር፤ በተግባር ግን አሥር ያህል ሰው መጠየቅ በቃቸው። ጠያቂው የሚያስበው ጥያቄው ለተጠያቂው ምን ያህል ሸክም እንደሚሆን ነው፤ ተጠያቂው ግን ፊት ለፊቱ ለቆመ ሰው «አይሆንም» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ያስባል። ይህ ግኝት ሁለት ፊት አለው። ድፍረት ላጣ ሰው ማበረታቻ ነው፤ ሥልጣን ላለው ሰው ግን ማስጠንቀቂያ ነው፤ የበታችዎ «እሺ» ሲልዎ ፈቅዶ እንደሆነ ወይም መከልከል አቅቶት እንደሆነ በቀላሉ ማወቅ አይችሉም።

ሲጠይቁ ምክንያትዎን ይግለጹ። የኤለን ላንገርና የባልደረቦቿ የ1978 ጥናት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ ብዙ ጊዜም በግማሹ ብቻ ይነገራል። ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ ተራ የያዘ ሰው፣ ጠያቂው ቀድሞት አምስት ገጽ ብቻ እንዲያነሳ ሲጠየቅ፣ ያለ ምክንያት 60 በመቶ፣ «ስለቸኮልኩ» ሲባል 94 በመቶ፣ «ኮፒ ማድረግ ስላለብኝ» በሚል ባዶ ምክንያት ደግሞ 93 በመቶ ፈቀዱ። ከዚህ ተነስተው «ምንም ዓይነት ምክንያት ይበቃል» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ወደ ሃያ ገጽ ሲያድግ ግን ባዶው ምክንያት ከምንም አልተሻለም፤ ሁለቱም 24 በመቶ ላይ ቀሩ፤ እውነተኛው ምክንያት 42 በመቶ አስገኘ። ሰው በትንሽ ነገር ላይ ቃሉን ሳይመረምር ያሳልፋል፤ የሚያስከፍለው ነገር ሲሆን ግን ይሰማል፣ ይመዝናል። ስለዚህ ትልቅ ነገር የሚጠይቅ ሰው እውነተኛና የተብራራ ምክንያት ይዞ ይምጣ።

ቀጥሎ ነጻነቱን በቃል ይስጡ። ኒኮላ ጌገንና አሌክሳንደር ፓስኳል በ2000 በፈረንሳይ ባደረጉት ጥናት፣ የአውቶቡስ ሳንቲም ከተጠየቁ መንገደኞች 10 በመቶዎቹ ሰጡ፤ «ለመቀበልም ላለመቀበልም ነጻ ነዎት» የሚል ሲጨመር 47.5 በመቶዎቹ ሰጡ። በ2013 የታተመ የ42 ጥናቶች ግምገማም ዘዴው በብዙ ቦታ እንደሚሠራ አረጋግጧል። እኔ ይህን ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጬ እመክራለሁ፤ ስለሚሠራ ብቻ ሳይሆን የሚናገረው ነገር እውነት ስለሆነ ነው። አንድ ሁኔታ ግን አለው፤ ነጻ ነዎት ብለው በተናገሩ ጊዜ እምቢታውን ያለ ቅሬታ ለመቀበል ተዘጋጅተው መሆን አለበት።

ከትንሽ ጀምሮ ወደ ትልቅ መሄድም የታወቀ መንገድ ነው። በ1966 ጆናታን ፍሪድማንና ስኮት ፍሬዘር በካሊፎርኒያ ነዋሪዎች ግቢ ውስጥ ስለ ጥንቃቄ የተሞላ አነዳድ የሚገልጽ ትልቅና የማያምር ሰሌዳ ለማቆም ፈቃድ ሲጠይቁ 17 በመቶ ብቻ ተስማሙ፤ ከሁለት ሳምንት በፊት በዚሁ ጉዳይ ላይ ትንሽ ምልክት ለመለጠፍ ተስማምተው ከነበሩት ግን 76 በመቶ ፈቀዱ። ትንሿ ድርጊት ሰውየው ራሱን የሚያይበትን ዓይን ትለውጣለች። አዲስ በጎ ፈቃደኛን በመጀመሪያው ቀን የዓመት ግዴታ ከማስፈረም አንድ ከሰዓት በኋላ አብሮ እንዲሠራ መጋበዝ የሚሻለው ለዚህ ነው። የዚህ ተቃራኒ የሆነው፣ ሆን ብሎ የማይሆን ትልቅ ነገር ጠይቆ ከተከለከሉ በኋላ ወደ እውነተኛው ጥያቄ መውረድ፣ በሮበርት ቻልዲኒ የ1975 ጥናት ፈቃደኝነትን ከ17 ወደ 50 በመቶ ከፍ አድርጓል። እኔ ግን አልመክረውም፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ውሸት ነውና።

ለብዙዎች ጥሪ ማቅረብ

ገንዘብ ወይም ጉልበት ለማሰባሰብ የሚጽፍ ሰው ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባው የአንድን ሰው ፊትና የቁጥርን ልዩነት ነው። ዲቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎወንስታይንና ፖል ስሎቪክ በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ አምስት ዶላር የተከፈላቸው ሰዎች በማሊ ስለምትገኝ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ አንብበው በአማካይ 2.38 ዶላር፣ ስለ ሚሊዮኖች ረኀብ የሚገልጽ አኃዝ አንብበው 1.14 ዶላር ለገሡ። የልጅቷ ታሪክና አኃዙ አብረው ሲቀርቡ ልግስናው 1.43 ዶላር ሆነ፤ ቁጥሩ ታሪኩን ከማጠናከር ይልቅ አቀዘቀዘው። ከዚህ የምወስደው ምክር እንዲህ ነው፤ ጥሪውን በአንድ ሰው እውነተኛ ጉዳይ ይክፈቱ፣ ሰውየው መፍቀዱን ያረጋግጡ፣ ክብሩን የሚነካ ምስል አያቅርቡ፤ አኃዙን ደግሞ ለማየት ለሚፈልግ ሁሉ በሚገኝበት ሌላ ገጽ ላይ በሙሉ ያስቀምጡ። ገንዘቡ ከአንድ ሰው በላይ ለብዙዎች የሚውል ከሆነ ይህንኑ በግልጽ መናገር ግዴታ ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ «ጥቂትም ብትሆን ትጠቅማለች» ማለት ከሚታሰበው በላይ ዋጋ አለው። ቻልዲኒና ዴቪድ ሽሮደር በ1976 «አንድ ሳንቲም እንኳ ይረዳል» የሚል ሐረግ ሲጨምሩ የሰጪዎች ቁጥር ከ28.6 ወደ 50 በመቶ ከፍ አለ፤ እያንዳንዱ የሰጠው መጠንም አልቀነሰም።

ሌሎች የሚያደርጉትን መናገርም ብርቱ ነው፤ በጥንቃቄ ካልተያዘ ግን ያፈርሳል። በ2008 በታተመ ጥናት የሆቴል እንግዶች ፎጣቸውን ደግመው እንዲጠቀሙ ስለ አካባቢ ጥበቃ ብቻ ሲነገራቸው 35 በመቶ፣ አብዛኞቹ እንግዶች እንዲህ እንደሚያደርጉ ሲነገራቸው 44 በመቶ፣ በዚያው ክፍል ያረፉት አብዛኞቹ እንዲህ እንዳደረጉ ሲነገራቸው ደግሞ 49 በመቶ ያህሉ ተባበሩ። በአንጻሩ በአሪዞና ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እንጨት በሚገኝበት ብሔራዊ ፓርክ፣ ብዙ ጎብኚዎች እንጨቱን እንደሚወስዱ የሚያማርር ጽሑፍ በተሰቀለበት ቦታ ከተቀመጡት ቁርጥራጮች 8 በመቶ ገደማ ተሰረቁ፤ አትውሰዱ ብቻ በተባለበት ቦታ ግን ከ2 በመቶ ያነሱ ናቸው የጠፉት። «ማንም አይመጣም፣ ማንም አይረዳም» እያለ የሚያማርር አስተባባሪ ሳያውቀው አለመምጣት የተለመደ መሆኑን እያወጀ ነው። የመጡትን ይቁጠሩ፤ ጥቂት ከሆኑም ቁጥራቸውን ሳያጋንኑ ያደረጉትን ይግለጹ።

የወገንነት ስሜት ደግሞ ማን እንደሚረዳ ይወስናል። ማርክ ሌቪንና ባልደረቦቹ በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊነታቸው እንዲጽፉ የተደረጉ ተማሪዎች ወድቆ ቁርጭምጭሚቱን የያዘ ሯጭ ያገኛሉ። የክለባቸውን ማልያ የለበሰውን ከ13 ሰዎች 12ቱ ረዱት፤ የሊቨርፑል ማልያ የለበሰውን ከ10 ሦስቱ ብቻ። በሁለተኛው ጥናት ስለ ማንቸስተር ሳይሆን በአጠቃላይ ስለ እግር ኳስ ወዳጅነት እንዲጽፉ ሲደረግ፣ የሊቨርፑል ማልያ የለበሰውም እንደራሳቸው ደጋፊ ሊረዳ ተቃረበ፤ ማልያ ያልለበሰው ግን ወደ ጎን ቀረ። ሰዎቹ አልተለወጡም፤ «የእኛ» የሚሉት ክበብ ሰፋ። ጥሪ ሲጽፉ ተረጂውንና ረጂውን የሚያገናኘውን ሰፊውን እውነተኛ ክበብ፣ ወላጅነትን፣ ተማሪነትን፣ የአንድ ሙያ ባልደረባነትን፣ ፈልገው ይጥቀሱ። ክበብ ሲሰፋም ከውጭ የሚቀር ሰው መኖሩን አይርሱ።

የማይመኩባቸው ዘዴዎች

በ2006 ሜሊሳ ቤትሰንና ባልደረቦቿ በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ፣ ሠራተኞች የቡናና የሻይ ዋጋ ራሳቸው በሚከፍሉበት ሣጥን አጠገብ የዓይን ሥዕል ሲለጥፉ የተከፈለው ገንዘብ አበባ ከተለጠፈበት ሳምንት ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነ። ግኝቱ በዓለም ዙሪያ ተወራ። በ2017 የታተመ ሰፊ ግምገማ ግን የዓይን ሥዕል ልግስናን ይጨምራል የሚለውን የሚደግፍ ማስረጃ አላገኘም። በ1972 አሊስ አይሰንና ፖላ ሌቪን በስልክ መደወያ ዳስ ውስጥ ሳንቲም ካገኙ 16 ሰዎች 14ቱ፣ ካላገኙ 25 ሰዎች አንዱ ብቻ ወረቀት የወደቀበትን ሰው እንደረዱ ጻፉ፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ሲደግሙት ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም። ጥሩ ስሜት ሰውን ለጋስ ማድረጉ ባይካድም፣ ያን ያህል ትልቅ ለውጥ ከአንድ ሳንቲም መጠበቅ አይገባም። ለአስተባባሪ የምለው አጭር ነው፤ በግድግዳ ላይ ሥዕል፣ በክፍሉ ውስጥ ሽታ ወይም ዜማ በማስተካከል የሚያጠፉትን ጊዜ ሰዎችን በስማቸው ለመጠየቅ ያውሉት።

በጫና የሚገኝ እርዳታም አያዛልቅም። ስቴፋኖ ዴላቪኛ፣ ጆን ሊስትና ኡልሪኬ ማልሜንዲየር በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ገንዘብ አሰባሳቢ የሚመጣበት ሰዓት አስቀድሞ በወረቀት ሲገለጽላቸው በራቸውን የሚከፍቱ ሰዎች ቁጥር ከ9 እስከ 25 በመቶ ቀነሰ፤ በወረቀቱ ላይ «አትምጡብኝ» ብሎ ምልክት የማድረግ ዕድል ሲጨመር ደግሞ የሰጪዎች ቁጥር ከ28 እስከ 42 በመቶ ወረደ። ከሰጪዎቹ ከፊሉ የሰጡት መስጠት ፈልገው ሳይሆን መከልከል ከብዷቸው ነበር ማለት ነው። ለራስዎ የሚያቀርቡት መመዘኛ ይህ ይሁን፤ ያደረግሁትን ሁሉ ለተጠያቂው ብገልጥለት፣ አሁንም ደስ ብሎት ይረዳል? መልሱ «አይ» ከሆነ ዘዴውን ይተዉት፤ ገንዘቡ ለመልካም ዓላማ መዋሉ ምንም አይለውጥም።

ራስን ለመርዳት ማዘጋጀት

እነዚህን ምልክቶች ማወቅ ብቻውን ከእነሱ አያድንም፤ ቅጽበቱ ሲመጣ ጥድፊያው እውነት ይመስላል፣ የሌሎችም መረጋጋት ያሳምናል። የሚረዳው አስቀድሞ የተወሰነ ዕቅድ ነው። ፒተር ጎልዊትዘርና ፓስካል ሺራን በ2006 በ94 ጥናቶች ላይ ባደረጉት ግምገማ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» ብለው አስቀድመው የወሰኑ ሰዎች ያሰቡትን የመፈጸም ዕድላቸው በግልጽ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ስለዚህ «ጥሩ ሰው እሆናለሁ» ከሚል ሰፊ ምኞት ይልቅ፣ «ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ ወይም ወድቆ ካየሁ፣ ሌሎች ቢያልፉም ቀርቤ እጠይቃለሁ» የሚል ጠባብ ውሳኔ ይወስኑ። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናም ይውሰዱ፤ አራተኛውን ደረጃ፣ ምን ማድረግ እንደሚቻል ማወቅን፣ ከሥልጠና ሌላ የሚሞላው የለም።

በቦታው ሲደርሱ ነገሩን ለማወቅ የሌሎችን ፊት አይመልከቱ፤ ሰውየውን ራሱን ይጠይቁ። «ደህና ነዎት? እርዳታ ይፈልጋሉ?» የሚሉት ቃላት የሚወስዱት ጥቂት ሰከንድ ነው፤ «አያስፈልገኝም» ካለም አመስግነው መንገድዎን ይቀጥላሉ። ያዩትን ደግሞ ጮክ ብለው ይናገሩ፤ «ይህ ሰው መልስ እየሰጠ አይደለም» የሚል አንድ ድምፅ በዙሪያው የቆሙትን ሁሉ ከጥርጣሬ ያወጣቸዋል። ብቻዎን የማይችሉት ከሆነ፣ ለምሳሌ ጠበኛ ሰው ካለ ወይም ውሃ ወይም ኤሌክትሪክ ያለበት አደጋ ከሆነ፣ ራስዎን ለአደጋ ሳያጋልጡ ርቀትዎን ጠብቀው ይደውሉ፣ ሌሎችን በምልክታቸው እየጠሩ ሥራ ያከፋፍሉ፣ ባለሙያ እስኪደርስም ከቦታው አይራቁ። ባለሙያው ሲመጣ ችግሩ የጀመረበትን ሰዓት፣ ያዩትንና ያደረጉትን በቅደም ተከተል ይንገሩት።